ሆዱን ሳይሆን ዋሱን

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁል የወረደ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ ሸዋ ሮቢት አይደርስም። ብርዱ ከኋላ ይቀራል፤ አየሩ ይከብዳል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማንጎው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱ፣ ጫቱ ይቀጥላል። በሽንኩርት መንቀያ ወራት የቀወት ማሳዎች ዳር አይሱዙ ይደረደራል። ገበሬው አፈሩን በእግራቸው ገለጥ አድርገው ያልተነቀለውን ሽንኩርት ያሳያሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው ገዥ ጎንበስ ብሎ አንዱን ይመዛል፣ ይጨብጠዋል፣ ያሸተዋል። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሁለቱ መካከል ይቆማል።

ዋጋ ገና አልተነሣም። የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። «ልጄ፣ በማን በኩል መጣህ?» ይላሉ ገበሬው። «አምና ከማን ገዛህ? እዚህ ማን ያውቅሃል?» ወጣቱም «አባባ፣ እነእገሌ ያውቁኛል፤ ይጠይቋቸው» ይላል። ሚዛኑ ሳይተከል፣ ብሩ ሳይቆጠር፣ ግማሹ ንግድ እዚሁ ያልቃል። ሽማግሌው የልጁን ዓይን አይመረምሩም። ከልጁ ጀርባ ማን እንደቆመ ነው የሚጠይቁት።

ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ሰላምታ ማራዘሚያ እቆጥረው ነበር። የይፋትን ታሪክ እያነበብኩ ስሄድ ግን አየሁት፦ በዚህ ቆላ የነገደ ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን ባለ ግመል፣ ባለ ጠመንጃም ይሁን ባለ አሞሌ፣ ተመሳሳዩን ጥያቄ ሲጠይቅና ሲጠየቅ ኖሯል። ጥያቄውን ያቃለሉትም ብዙ ከፍለውበታል።

አማርኛችን የሰውን ስውር ሐሳብ የሚያኖረው ሆድ ውስጥ ነው። የሚዋደዱ ሰዎች የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ፤ የተጣሉት ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ ታጋሹ ሆደ ሰፊ ይባላል፤ የልቡን ደብቆ ሌላ የሚያወራው ደግሞ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይባልበታል። ሆድ የተሸፈነ ነገር ነው። ነጠላ አለው፣ ቀሚስ አለው፣ ቆዳ አለው። ሰውን ፊቱን አይተን ሆዱን እናውቃለን ማለት ለዚህ ቋንቋ ባለቤት ከባድ ድፍረት ነው።

ይፋትን ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያያት መንዝ ይህንን ለውጭ ሰው አስተምሯል። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝ ገብቶ ከገበሬው ጋር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ አሳተመ። ቅኔያችን ሰሙን ላይ አድርጎ ወርቁን እንደሚሸሽገው ሁሉ፣ የአማራው ኑሮና ንግግርም አሻሚነትን የሚወድ፣ ሐሳቡን በሽፋን የሚያስተላልፍ ነው ሲል ጻፈ። ብዙ እውነት አለበት። እኔ የማዝነው ሌቪን ያየው የገደሉን የላይኛውን ግማሽ ብቻ በመሆኑ ነው። ጥቂት ቁልቁል ቢወርድ ኖሮ ሌላ ነገር ያገኝ ነበር፦ የሰው ሆድ እንደማይታይ አምኖ የተቀበለ ሕዝብ፣ ሆዱ ሳይታይም ከሰው ጋር መነገጃ መንገድ ሲያበጅ። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሬው በአንድ ገበያ ሲውል የአንዱ ቅኔ ለሌላው አይፈታም። ወርቁን ከመፈለግ ይልቅ ሰሙንም ወርቁንም የሚይዝ ሦስተኛ ሰው መፈለግ ይቀላል።

የይፋት መንገድ አሮጌ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ ከደጋው ጠርዝ እስከ ዘይላ ወደብ የሚወስደውን መስመር ያዘ። የፈረንሳይ አርኪኦሎጂስቶች በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአርጎባው አገር በኖራ፣ በአስበሪ፣ በማሳልና በራሳ ጉባ የድንጋይ ከተሞችንና መስጊዶችን ፍርስራሽ አጥንተዋል፤ የወላስማዎችን መቃብርም አግኝተዋል። ከጨው፣ ከጨርቅ፣ ከወርቅና ከባሪያ ንግድ የበለጸጉ ከተሞች ነበሩ።

በደጋው ክርስቲያን ንጉሥና በቆላው ሙስሊም ገዥ መካከል ስለነበረው ጦርነት ሁላችንም ተምረናል። የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሲነበብ ግን ጦርነቱን ካነሣሡት ክሶች አንዱ የንግድ ክስ ሆኖ ይገኛል። ንጉሡ ብዙ ወርቅና ብር ለነጋዴዎች አደራ ሰጥቶ በስሙ እንዲነግዱለት ልኳል፤ የይፋቱ ሰብረዲን ደግሞ ዕቃውን ወርሶ ነጋዴዎቹን አስሯል። ከዚያ በፊትም የይፋቱ ገዥ ሐቀዲን ከግብፅ ይመለስ የነበረውን የንጉሡን መልእክተኛ ይዞበታል። እ.ኤ.አ. የ1332 ታላቁ ዘመቻ ከእነዚህ ቂሞች ወጣ። እኔን የሚያስደንቀኝ ዝርፊያው ሳይሆን ከዝርፊያው በፊት የነበረው ነገር ነው። የክርስቲያኑ ንጉሥ ወርቅ በነጋዴ እጅ፣ በሙስሊም ምድር በኩል፣ ባሕር ድረስ ይወርድ ነበር። በሃይማኖትም በሥልጣንም ባላንጣ በሆነ ገዥ አገር ላይ ወርቅ መስደድ የተለመደ ነገር ስለነበር ነው መያዙ የጦርነት ምክንያት ለመሆን የበቃው። (ያው ዜና መዋዕል ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደዛተም ይነግረናል። ዛሬ በይፋት ጫት የሚተክለው ብዙ ነው፤ በማለዳ ተቆርጦ እስከ ማታ የሚጠወልግ ዕቃ ደግሞ ካለ መተማመን አይሸጥም።)

ያ ወርቅ በምን ይጠበቅ ነበር? ከቆላው ሕዝብ ልማድ ሁለቱን ልጥቀስ።

አንደኛው የአፋሩ ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ተላልፈው አይሄዱም። ይቀመጣሉ፤ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ከዚያ ወሬ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? በዓይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ የተሰማውም ከአፉ ከወጣው ሰው ስም ጋር ይነገራል። የሰማውን የደበቀ፣ ያላየውን አየሁ ያለ ሰው በጎሣው ይወቀሳል፣ ይቀጣል። ብዙዎች ዳጉን እንደ ዜና ማሰራጫ ብቻ ያዩታል። ለነጋዴ ግን ከዜና በላይ ነው። ቃፊላ የዘረፈ፣ አደራ የበላ፣ ግመል ሸጦ ዋጋውን የካደ ሰው ስሙ ከእሱ ቀድሞ ውኃው ጉድጓድ ይደርሳል። እንግዳው ምን እንዳሰበ መገመት አያስፈልግም፤ ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ ይጠየቃል።

ሁለተኛው አባን ነው። በሶማሌውና በሐረሩ በኩል ያለ አባን የሚነግድ እንግዳ አልነበረም። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ከዘይላ ወደ ሐረር ሲነሣ እንዲህ ያለ ጠባቂ መያዝ ግድ ሆኖበታል። አባን የእንግዳው አስተናጋጅ፣ አስተርጓሚ፣ ደላላና ጠባቂ ነው። እንግዳው ቢሰረቅ የተነካው የአባኑ ክብር ነው፤ እንግዳው ቢያጭበረብርም ለነዋሪው የሚመልሰው አባኑ ነው። በዚያው አቅጣጫ፣ በባቢሌ ግመል ገበያ፣ ደላሎች ዛሬም እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ዋጋ ይደራደራሉ። ዋጋው ተሰውሮ ሰዎቹ ግን በሁሉ ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ደላላ የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ላንሣው። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩ መምራት፣ ማሳየት ነው። ዛሬ ቃሉ ስድብ እየሆነ መጥቷል። ሽንኩርት ሲወደድ ደላላ፣ ሽንኩርት ሲረክስም ደላላ ይወቀሳል። አንዳንዱ ወቀሳ ተገቢ ነው፤ የገበሬውን ምርት በስልክ ዋጋ አስሮ የሚያስበሰብስ አለ። ሆኖም ይፋት ያለ መሪ ሰው ንግድ ያወቀችበትን ዘመን አላገኘሁም።

የነዚህ ሁሉ መገናኛ አልዩ አምባ ነበረች። ከአንኮበር ሥር፣ ደጋው ሲያበቃ ቆላው ሲጀምር ባለ ጉብታ ላይ የተቀመጠች የአርጎባ ከተማ። የአርብ ገበያዋ በሸዋ ከታወቁት አንዱ ነበር። ከታጁራ የመጣው የአፋር ቃፊላ ጨው ያራግፋል፤ ደጋው እህልና ማር ያወርዳል፤ ሐረሬዎች የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1842ና 43 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚያው ቤት ይዞ ኖሮ የከተማይቱን ኑሮ ጽፎልናል።

በዚህ ገበያ እምነት በገንዘቡ ላይም ይፈተን ነበር። አሞሌ ጨው ጥጉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ጠርዙ ይዳሰሳል። ማርትሬዛ ብርን የተቀበለ ሰው ደግሞ 1780 የሚለውን ዓመት፣ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች፣ ከሥር ያሉትን ኤስ ኤፍ የሚሉ ሁለት ፊደላት አንድ በአንድ ሳያይ ከኪሱ አይጨምርም ነበር። ፊደሉን ማንበብ የማይችል ሰው ዕንቁ ይቆጥራል። ብሩ የተመታው ከባሕር ማዶ ነው፤ የመታው ንጉሥ ማን እንደሆነ የገበያው ሰው አያውቅም። ምልክቱን ግን ያውቃል። ምልክቱ የጎደለው ብር፣ ብር ቢሆን እንኳ፣ ገበያ አይገባም።

ከአልዩ አምባ ጥቂት ርቆ አብዱል ረሱል የሚባል ሌላ ገበያ ነበር። እዚያ ሰው ይሸጥ ነበር። ይህንን ሳልጽፍ ላልፍ አልችልም። ከላይ ያወደስኳቸው ልማዶች ሁሉ፣ ዳጉው፣ አባኑ፣ ቃል አክባሪነቱ፣ ከጉራጌና ከኦሮሞ አገር ተነድተው የመጡትን ሕፃናት ወደ ታጁራ ለማውረድም አገልግለዋል። ነጋዴ ከነጋዴ ጋር ተማምኖ፣ ሒሳቡን አስተካክሎ፣ የሰው ልጅ ሸጧል። ሻጭና ገዥ ሲተማመኑ በገመድ የታሰረችውን ልጅ ማንም ዋስ አልጠራላትም። መተማመን በራሱ በጎ ነገር ነው የሚለውን አነጋገር ከዚያ ወዲህ በጥርጣሬ ነው የማየው።

አሁን ወደ ንጉሡ ልምጣ፤ ምክንያቱም ይፋት ካስተማረቻቸው ሰዎች ሁሉ ሰውን በማወቅ ሣህለ ሥላሴን የሚተካከል የለም። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዛ ቆላውን ያስገዛው በወላስማዎቹ ዘር ነበር። በዘመኑ የነበረው ወላስማ መሐመድ የምሥራቁን በር ይጠብቃል፤ ወደ ሸዋ የሚገባ እንግዳ ፋሬ ላይ የሚያገኘው እሱን ነው። ሌላም ሥልጣን ነበረው። ለዙፋን ይበቃሉ ተብለው የሚፈሩት የንጉሡ ወንድሞች የታሰሩበት የጎንቾ እስር ቤት ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር።

ክርስቲያን ንጉሥ የወንድሞቹን ሰንሰለት ለሙስሊም ባላባት ለምን ሰጠ? በዘመኑ የጻፉት የውጭ ሰዎች ይህንን እንደ ግርምት አልፈውታል። እኔ ግን በዚያ ቤተ መንግሥት ከተደረጉት ጥበበኛ ውሳኔዎች አንዱ ይመስለኛል። ለመንዝ ወይም ለተጉለት መኳንንት ቢሰጥ አንዱ ወንድም አንድ ሌሊት ተፈትቶ ሲነጋ ንጉሥ ሊሆን ይችላል፤ ፈቺውም ራስ ይሆናል። ወላስማ ግን የክርስቲያን ልዑል ፈትቶ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም። ቆላው ላይ ያለው ሹመት በሣህለ ሥላሴ ሕይወት ላይ የቆመ ነው። ንጉሡ የመሐመድን ሆድ አንብቦ አይደለም ያመነው። ቢከዳ ማን ይጠቀማል ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ካገኘ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1841 ክረምት ሻምበል ኮርንዋሊስ ሀሪስ የእንግሊዝን መልእክት ከቦምቤይ ይዞ በፋሬ በኩል ሲገባም ይኸው ጥያቄ ጠበቀው። ሀሪስ መድፍ፣ ጠመንጃ፣ ሙዚቃ የሚያሰማ ሰዓትና ብዙ ጌጥ ይዞ መጣ። ንጉሡ ስጦታውን በደስታ ተቀበለ፤ መድፉ ሲተኮስ ተደሰተ፤ እንግዶቹን ግን እንደልባቸው አላንቀሳቀሳቸውም። የት እንደሄዱ፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ ይነገረው ነበር። ኅዳር ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1843 ደግሞ ለፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ተመሳሳይ ውል ሰጠ።

ሀሪስ የፈለገው ንግድ፣ የባሪያ ንግድ መቀነስና ፈረንሳይን መቅደም ነበር። ሣህለ ሥላሴ የፈለገው ጠመንጃና ጠመንጃ የሚሠራ ሰው ነበር። ሁለቱም የሌላውን ፍላጎት በሚገባ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ውሉ ግን ንግድ አልወለደም። ምክንያቱን በስውር ዓላማ ብቻ ማብራራት ቀላል ነው፤ እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ውሉን አንኮበር ላይ የሚያስከብር፣ ሁለቱም የሚያፍሩት ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ንግሥት ቪክቶሪያ የአልዩ አምባን ሰው አታፍርም፤ ሣህለ ሥላሴም በቦምቤይ ስሙ አይጠፋም። ሆድ ለሆድ ተዋውቀው ያለ ዋስ ተለያዩ።

ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው መንገድ የወጣው ፈረንሳዊ ገጣሚ ግን ትምህርቱን በራሱ ቆዳ አየው። አርተር ሬምቦ ግጥም ከተወ ቆይቶ ነበር። ፒየር ላባቱ ከሚባል፣ በሸዋ ብዙ ዘመን ከኖረ ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ ከ2 ሺህ በላይ ጠመንጃ አዘጋጀ። ቃፊላው ታጁራ ላይ ወራት ተቀመጠ፤ ላባቱ በካንሰር ሞተ፤ ሬምቦ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1886 ብቻውን ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ።

ላባቱ ለሬምቦ ሸሪክ ብቻ አልነበረም። መግቢያው ነበር፤ በሸዋ የሚያውቀው ሰው፣ ቃሉን የሚሸከምለት ስም። እሱ ሲሞት የሬምቦ ጠመንጃ ባለቤት አልባ እንግዳ ዕቃ ሆነ። የላባቱ መበለት የባሏን ድርሻ አለች። ባለገንዘብ ነኝ ያለው ሁሉ ተነሣ፦ አሽከሩ ደመወዝ፣ ገበሬው የእህል ዋጋ፣ ነጋዴው የጨርቅ ዋጋ። ከሁሉ በላይ ንጉሡ ራሱ ላባቱ ብዙ ዕዳ አለበት አለ። የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ? ሬምቦ በኋላ ኤደን ላለው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል በጻፈው ረጅም ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ላባቱ ማስታወሻውን የጻፈባቸውን 34 ደብተሮች በመበለቲቱ ቤት አግኝቶ አቃጥሏቸው ነበር። የንብረት ሰነዶች በመካከላቸው እንደነበሩ የሰማው ከነደዱ በኋላ ነው። በዓይኑ ፊት የቆመውን ሰው ሁሉ ሊያምን ወይም ሊጠረጥር ብቻ ቀረው፤ የሚያመሳክርበት ነገር በእጁ አልነበረም።

ምኒልክ ከሐረር ድል ተመልሶ ጠመንጃውን ሁሉ በጅምላ በ14 ሺህ ብር ያዘበት፤ የላባቱን ዕዳ ቀንሶም ለቀሪው በሐረሩ አዲስ ገዥ በመኮንን ላይ የሚከፈል ወረቀት ሰጠው። የሬምቦን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉ አውሮፓውያን ምኒልክን ተንኮለኛ ገዥ አድርገው ይስሉታል። ንጉሡ በርካሽ መግዛት መፈለጉ እውነት ነው፤ የማይፈልግ ገዥ የት አለ? ሬምቦን የጎዳው ግን የንጉሡ ሆድ ብቻ አልነበረም። መዝገቡን አቃጥሎ፣ ዋሱን ቀብሮ፣ ወደ ገበያ መግባቱ ነው። ይፋትን አቋርጦ ሲያልፍ የትኛውም የአርጎባ ነጋዴ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረው ነበር።

ደጋው ዋስን በሕግ ቋንቋ ያውቀዋል። በድሮው ሙግት ተከራካሪ «ዋስ ጥራ» ይባላል፤ ዋስ የሌለው ሰው ክሱን እንኳ መጀመር ይከብደዋል። ያልታወቀ መንገደኛ ቆሞ የሁለት ሰዎችን ክርክር ይዳኝ ነበር፤ የመንገድ ዳኛ ይባላል። ዋስ ላጣ ባለዕዳ ደግሞ ቁራኛ ነበር። ባለገንዘቡና ባለዕዳው በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰራሉ፤ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፤ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፎቶግራፎች በአዲስ አበባ ጎዳና እንዲህ የተቆራኙ ሰዎችን ያሳያሉ። ሥርዓቱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን አልሞተም፦ ታሞ የተኛ ሰው ዛሬም የአልጋ ቁራኛ ይባላል። ቁራኛን ሳስብ የሚገርመኝ ባለገንዘቡም መታሰሩ ነው። ያለ ዋስ ያበደረ ሰው ከባለዕዳው እኩል ነጻነቱን ያጣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትናን ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ በዝርዝር ደነገገ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣን ይቀጣል። ለቼክ ስንቅ የሚለውን ቃል የመረጠውን ሰው አመሰግናለሁ። ስንቅ ሳይዝ አፋር በረሃ የገባ ቃፊላ ምን እንደሚሆን ይፋት ታውቃለች።

የንግድ እምነትን በእኛ አገር በጥናት ከመረመሩት ሁሉ የዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ሥራ ከልቤ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመችው ጥናት የእህል ደላላን አጠናች። የእህል ደረጃ መለኪያ ባልነበረበት፣ ፍርድ ቤት በሚዘገይበት አገር ክፍለ ሀገር ያለው ነጋዴ እህሉን ለማያውቀው የአዲስ አበባ ገዥ እንዴት ይልካል? በደላላው በኩል። ደላላው እህሉን ያያል፣ ገዥ ይፈልጋል፣ በኩንታል የተቆረጠ ክፍያ ይወስዳል፤ በራሱ ስም ከመነገድ ይታቀባል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው ወሳኙ። ክፍያው ከዋጋው ጋር ካልጨመረና ካልቀነሰ፣ እሱም ገዥ ወይም ሻጭ ካልሆነ፣ የሚዋሽበት ጥቅም ይቀንሳል። ጎንቾን ለወላስማ የሰጠው ንጉሥ ያሰበውን ነው የሚመስለው። የታሪክና የኢኮኖሚ ተመራማሪው አቭነር ግሬፍም በካይሮ ጌኒዛ ከተገኙ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤዎች ተነሥቶ የሜዲትራኒያን አይሁድ ነጋዴዎች የሩቅ ወኪላቸውን የሚያምኑት አንዱን የከዳ ወኪል ሁሉም ስለሚተዉት እንደሆነ አሳይቷል። ዳጉ በደብዳቤ ማለት ነው።

እሌኒ በኋላ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሠረተች። የምርት ገበያው ሐሳብ ድፍረት የተሞላ ነበር፦ ገዥና ሻጭ ሳይተዋወቁ፣ መጋዘን ደረጃ ሰጥቶ፣ ገንዘቡ በማግስቱ ባንክ ገብቶ ይነገድ። ሆዱን ማየት ይቅርና ፊቱንም ማየት አያስፈልግም። የይፋት ማሾም ከጊዜ በኋላ እዚያ ገባ። ሽንኩርት ግን አልገባም። ሽንኩርት በመጋዘን ደረጃ ወጥቶለት ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ሳይሸጥ ከቆየ ይለሰልሳል፣ ይበቅላል። ስለዚህ ሮቢት ወንዝ ዳር ያለው ገበሬና አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ አሁንም በሰው ነው የሚገናኙት። ግማሹ ብር እዚህ፣ ግማሹ ሽንኩርቱ ሲሸጥ። በመካከል ያለው ስም ብቻ ነው።

ይህ ስም ባለፉት ዓመታት ብዙ ተጎድቷል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ነደደች፤ ሸዋ ሮቢትም ከግጭቱ አልተረፈችም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋን ደርሶ በወሩ ማብቂያ ተመለሰ። ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። በእሳቱ የጠፋውን ቤትና መጋዘን መቁጠር ይቻላል። ያልተቆጠረው ከሰንበቴ እሁድ ገበያ ፍየል የሚያመጣው ኦሮሞና ጤፍ የሚሸጥለት አማራ፣ ግመል የሚነዳው አፋርና ጨርቅ የሚሸጠው አርጎባ «የእኔ ሰው» ይሉት የነበረው ወዳጅ ነው። አበልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ደንበኛ። ደንበኛ የሚለው ቃል ገዥንም ትክክለኛና ደንብ ያለውንም ነገር ይጠራል፤ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል የተቀመጡት ገዥ በደንብ ስለሚያድር ይመስለኛል። ሰው ሠፈሩን ለቅቆ ሲሄድ ዋስነቱ አብሮ ይሄዳል። «እነእገሌ ያውቁኛል» ያለው እንግዳ እነእገሌ አሁን የት እንዳሉ ራሱ አያውቅም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባል በዚህ ዘመን ብዙ ሰው አንደበት ላይ ነው። ጥርጣሬ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል፤ ማንንም መጠየቅ፣ ለማንም መመለስ አይፈልግም። ዋስ መሆን ግን ውድ ነው። ለሌላ ሰው ቃል የሚገባ ሰው የራሱን ስም ያስይዛል፤ ቢከዳ እሱ ይከፍላል። ባለፉት ዓመታት ይህን ያደረጉ፣ ጎረቤታቸው በተሰደደበት ወራት እህሉን ጠብቀው፣ ዱቤውን መዝግበው ያቆዩ ሰዎች እንዳሉ በዚያ ቆላ የሚኖር ሁሉ ይነግራችኋል። ስማቸውን አልጽፍም፤ መጻፍ የለብኝምና።

በቀወት ማሳ ዳር ወጣቱ ገዥ አሁንም ቆሟል። ደላላው ስልኩን ዘግቶ «አባባ፣ ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ እኔ አለሁ» ይላል። ገበሬው መልስ አይሰጡም። ከኮታቸው ኪስ የራሳቸውን አሮጌ ስልክ ያወጣሉ፤ መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ስሙን ለማግኘት ዓይናቸውን ያጠባሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ጮክ ብለው ይናገራሉ።

«ሄሎ! ደህና አደራችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ነኝ። አንድ ልጅ እዚህ መጥቷል፤ ሽንኩርት ሊጭን ነው። ያውቁታል?»